የንግግር ሕክምና መምህር ሥራ ከክፍል ውጭ ነው

ስለ ልብ የሚማር ተማሪ መጽሐፉ ለንደን ታተመ ቦስተን ብዙም አይገደውም፤ ልብ የትም ልብ ነውና ያነበበው ነገር ጎንደር ሆስፒታል አልጋ ላይ ከተኛው ሕመምተኛ ጋር ይገጥምለታል። በተለምዶ ስፒች ቴራፒ የምንለውን የንግግርና የቋንቋ ሕክምና የሚማር ተማሪ ግን ይህ ዕድል የለውም። የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ሕፃናት የትኛውን ድምፅ በስንት ዓመታቸው እንደሚያጠሩ የሚዘረዝር ሰንጠረዥ፣ አዘዞ ተወልዶ አፉን በአማርኛ ለፈታ ሕፃን መለኪያ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ በዚህ ሙያ የተማሪው ዕጣ ከሌሎች የጤና ሙያዎች ይበልጥ በመምህሩ እጅ ላይ የወደቀ ነው፤ መጽሐፉ ዝም ባለበት ሁሉ መናገር ያለበት መምህሩ ነውና። ይህን የምጽፈው ስለ እነዚህ መምህራን፣ ስለሚያስተምሩት ነገርና ሥራቸው ለምን በወጉ እንደማይቆጠርላቸው ነው።

እኔ ራሴ የሕክምና ሰው አይደለሁም፤ የሥነ ድምፅ መምህር ነኝ። ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት የተሃድሶ ሕክምና የሚያስተምሩ ወዳጆቼ የአማርኛን ድምፆች ለተማሪዎቻቸው እንዳስረዳላቸው በጠየቁኝ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ በየአጋጣሚው ከመምህራኑ ጋር ዋርድ ለዋርድ ስዞር፣ የራሴ ሙያ ከጥቁር ሰሌዳ ወርዶ ሰው ሲያክም የማየት ዕድል አግኝቻለሁ። ከዚህ በታች የምለውን ሁሉ አንባቢ ከዳር ሆኖ እንደሚያይ ሰው ምስክርነት ይውሰድልኝ።

በአገራችን በዚህ ሙያ የዲግሪ ሥልጠና የተጀመረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ሙያው ገና ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ጎንደር በበኩሏ ለተሃድሶ ሕክምና እንግዳ አይደለችም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒን ሲያስተምር የቆየ ተቋም ነው፤ በ2009 ዓ.ም. ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ በተጀመረው መርሐ ግብር አማካይነትም በአገሪቱ የመጀመሪያውን የኦኩፔሽናል ቴራፒ (ሕመምተኛው የዕለት ተዕለት ተግባሩን ራሱ እንዲያከናውን የሚረዳ ሕክምና) ትምህርት ከፍቷል። ያ መርሐ ግብር ከሠራቸው ነገሮች ሁሉ እኔ የማደንቀው አንዱን ነው፤ ትምህርት ክፍል ከፍቶ መምህር ፍለጋ ከመንከራተት ይልቅ ለመምህራኑ ሥልጠናም ቦታ መስጠቱን። በንግግር ሕክምናም መንገዱ ይኸው ይመስለኛል። የተማሪ ቅበላ ከመምህሩ ቀድሞ ከሄደ፣ የሚመረቀው ባለሙያ የቃላት ፍቺ ሸምዳጅ ከመሆን አያልፍም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የላንቃ መሰንጠቅ ይዞት የተወለደና ቀዶ ሕክምና የተደረገለት የስድስት ዓመት ልጅ ከእናቱ ጋር ከደምቢያ መጥቷል እንበል። ስፌቱ ድኗል፤ ንግግሩ ግን ለእናቱ እንጂ ለሌላ ሰው አይገባም። «ጣት» በል ሲሉት «ኣት» ይላል፤ «ጨው» ሲሉት «ኧው» ይላል። ተማሪዋ ሎግቡኳ ላይ «ጠ እና ጨ የሉትም» ብላ ልትጽፍ ብዕሯን ስታነሣ መምህሯ እጁን ዘርግቶ ያስቆማትና «ዝም ብለሽ አድምጭ፤ ከአናባቢው በፊት ምን አለ?» ይላታል። ልጁ ቃሉን ይደግማል። ተማሪዋም በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ላይ ትሰማዋለች፤ ከአናባቢው በፊት ጉሮሮ ውስጥ እንደ መቋጠር ያለች አጭር ድምፅ አለች። ልጁ ድምፁን አልተወውም፤ ቦታውን ነው የለወጠው።

ይህ ለምን እንደሚሆን ለማስረዳት የአማርኛን ድምፆች ማወቅ ግድ ነው። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ እና ጸ የቋንቋ ሰዎች ፈንጂ የምንላቸው ድምፆች ናቸው። ሲነገሩ የድምፅ አውታሮች ይዘጋሉ፣ ማንቁርት ወደ ላይ ከፍ ይላል፣ በማንቁርትና በምላስ ወይም በከንፈር መካከል የታሰረው ጥቂት አየር ይታመቅና በድንገት ይለቀቃል። አየሩ እንዲታመቅ ደግሞ ትናጋ፣ ማለትም ለስላሳው የላንቃ የኋላ ክፍል፣ ወደ አፍንጫ የሚወስደውን በር ግጥም አድርጎ መዝጋት አለበት። ትናጋው አጭር ከሆነ ወይም በደንብ ካልተነሣ አየሩ በአፍንጫ ያፈተልካል፤ የሚታመቅ ነገር አይኖርም። ልጁ ታዲያ ማንም ሳይመክረው ብልሃት ፈጠረ፤ የምላሱን ድርሻ ትቶ የጉሮሮውን አስቀረ፤ ምክንያቱም ጉሮሮ ከሚያፈሰው በር በታች ነውና እዚያ አየር ማገድ ይቻላል። እንግሊዝኛ እነዚህን ድምፆች እንደ አማርኛ ቃል መለያ አድርጎ አይጠቀምባቸውም፤ ስለዚህ ለእንግሊዝኛ ተብሎ የተዘጋጀ መማሪያ በጉሮሮ የተተካውን ድምፅ ከትክክለኛው ፈንጂ እንዴት እንደምንለይ አይነግረንም። ለአማርኛ ጆሮ ሁለቱ ቅርብ ናቸው፤ ሁለቱም ውስጥ የጉሮሮ መዘጋት አለና። ይህን ልዩነት ለተማሪ ጆሮ የሚያስይዘው መምህሩ ብቻ ነው።

ለዚህ ዓይነት ምርመራ የሚመረጠው ዐረፍተ ነገር የአፍንጫ ድምፅ፣ ማለትም መ፣ ነ ወይም ኘ፣ የሌለበት መሆን አለበት፤ አለበለዚያ በአፍንጫ የሚወጣው አየር ከችግሩ የመጣ ይሁን ከድምፁ ባሕርይ መለየት አይቻልም። በውጭ አገር ለዚህ ተብለው የተቀመሩ ዐረፍተ ነገሮች አሉ። እኛስ ከየት እናምጣ ብለን ስንጨነቅ አንዷ ተማሪ «አበበ በሶ በላ» አለች፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቀስ ብለን ስናየው ግን የሚያስቅ አልነበረም፤ በዚያ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አንድም የአፍንጫ ድምፅ የለም፣ በ እና ሰ ደግሞ በአፍ ውስጥ ግፊት የሚሹ ድምፆች ናቸው። ቀጣዩማ ይብሳል። «ጫላ ጩቤ ጨበጠ» ከጫፍ እስከ ጫፍ በፈንጂ ድምፆች የተሞላ፣ መ እና ነ ያልደረሱበት፣ ትናጋን ለመፈተን ሆን ተብሎ የተሠራ የሚመስል ዐረፍተ ነገር ነው። ልጁ ይህን ሲል ከአፍንጫው ሥር ትንሽ መስተዋት ትያዛለች፤ መስተዋቷ ጉም ከለበሰች አየሩ ማለፍ በሌለበት በኩል እያለፈ ነው ማለት ነው። በተቃራኒው ደግሞ «እማማ ምን አመማት» ሲል መስተዋቷ ጉም መልበስ ይገባታል፤ ካልለበሰች አፍንጫው የተዘጋበት ምክንያት አለ። መስተዋት የትም ይገኛል፤ የትኛውን ዐረፍተ ነገር መቼ ማስባል እንዳለበት የሚያውቅ መምህር ግን እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም።

የጆሮ ሥልጠናው ሌላው ፈተና ማጥበቅና ማላላት ነው። ፊደላችን ላልቶ የሚነገረውን ከጠበቀው ለይቶ አያሳይም፤ «ገና» ተብሎ የተጻፈው በዓሉ ይሁን «አሁንም ገና» የምንለው፣ ከንባቡ እንጂ ከጽሕፈቱ አይታወቅም። ተራ አንባቢ ይህ አያስቸግረውም። ማጥበቅ ያቃተውን ልጅ ንግግር በፊደል የሚመዘግብ ተማሪ ግን ስሕተቱን ራሱን ከመዝገቡ ያጠፋዋል፤ ከወር በኋላ ልጁ ይሻሻል አይሻሻል የሚያነጻጽርበት ነገር አይኖረውም። ስለዚህ ዓለም አቀፉን የድምፅ መጻፊያ መማር ግዴታ ይሆናል፤ ምልክቶቹን መሸምደድ ደግሞ ቀላሉ ክፍል ነው። ጎንደር ላደገ ሰው ይህ ዓይነቱ ትምህርት አዲስ አይደለም። በንባብ ቤት የኔታ ደቀ መዝሙሩን ፊት ለፊት አስቀምጠው ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያሉ ሲያስኬዱት፣ ተነሹን ቃል ወዳቂ አድርጎ፣ የሚጠብቀውን አላልቶ ባነበበ ቁጥር ከቃሉ ላይ ይመልሱታል፤ መጽሐፉን ሳያዩ፣ አንዳንዴም ዐይናቸውን ጨፍነው። ከመቶ ተማሪ ፊት ቆሞ በፓወርፖይንት ጆሮ ማሠልጠን እንደማይቻል የኔታ ከማንም በፊት ያውቁታል።

የንግግር ሕክምና ባለሙያ የሚሠራው በንግግር ላይ ብቻ አለመሆኑ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው። ስትሮክ የመታው ሰው ምግብና ውኃ በትክክል መዋጥ ሲያቅተው፣ የዋጠው ወደ ሳንባው እየገባ የሳንባ ምች ሊያስከትልበት ሲችል፣ የመዋጥ ችሎታውን የሚመረምረውና ምን ዓይነት ምግብ በምን ውፍረት ይውሰድ የሚለውን የሚወስነው ይህ ባለሙያ ነው። ለዚህ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተስማሙበት መለኪያ አለ፤ ምግብንና መጠጥን ከ0 እስከ 7 ባሉ ስምንት ደረጃዎች ይከፍላል። የመጠጡን ውፍረት የሚለኩት በ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ነው። ፒስተኑን አውጥቶ ጫፉን በጣት ዘግቶ እስከ 10 መሙላት፣ ጣትን ለ10 ሰከንድ አንሥቶ መልሶ መዝጋት፣ ከዚያ የቀረውን ማንበብ ነው። ከ1 ሚሊ ሊትር በታች ከቀረ እንደ ውኃ ቀጭን ነው፤ ከ1 እስከ 4 ከሆነ ደረጃ 1፣ ከ4 እስከ 8 ከሆነ ደረጃ 2፣ ከ8 በላይ ቀርቶ ግን ጥቂትም ቢሆን ከፈሰሰ ደረጃ 3 ነው።

በመመሪያው ላይ አጥሚት የለም። ስለዚህ አንዲት መምህርት ተማሪዎቿን ይዛ የአጃ አጥሚት በሦስት ዓይነት አቀጣጠን አሠርታ ስታስለካቸው አይቻለሁ። ትኩስ እያለ የለኩት እና ሲቀዘቅዝ የለኩት አንድ ደረጃ ይለያያል። ይህ ተራ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን አስታማሚዋ ከቤት በፔርሙዝ ያመጣችውን አጥሚት ሕመምተኛው ጠዋት በሚጠጣውና ከሰዓት በሚጠጣው መካከል ያለውን ልዩነት ሳያውቁ «አጥሚት ይስጡት» ብሎ ማዘዝ ምክር ሊባል አይችልም። በሶው፣ የተልባው ውኃ፣ የሽሮው ቅጥነት፣ በጾም ወቅት ወተትና እርጎ ሲቀር የሚተካው ነገር፣ እንጀራ በወጥ ሲርስ ለላንቃ የሚለሰልሰውና የሚጣበቀው ክፍል፣ ይህ ሁሉ አንድ በአንድ መለካት የሚፈልግ ነው። እኔ ብሆን ለመመረቂያ ጽሑፍ የማዘው ይህንን ነበር። ተማሪዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ «ግንዛቤና አመለካከት» መጠይቅ ሲበትኑ ነው የማየው፤ መጠይቅ ቶሎ ያልቃላ።

አሁን ደግሞ ቋንቋ ራሱ ሲጠፋ። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ በ1861 እ.ኤ.አ. «ታን» ከማለት በቀር መናገር ያልቻለውን ሰው አንጎል መርምሮ በግራ በኩል የተጎዳውን ክፍል ካሳየ፣ ካርል ቬርኒከም በ1874 እ.ኤ.አ. የመረዳት ችሎታ የሚጎዳበትን ሌላውን ዓይነት ካብራራ ወዲህ አፌዥያ፣ ማለትም በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የቋንቋ መታወክ፣ በየመማሪያው የታወቀ ርዕስ ነው። ዋርድ ውስጥ ሲገናኙት ግን ሌላ መልክ አለው። አንድ ካህን ከስትሮክ በኋላ የባለቤታቸውን ስም ማውጣት ተሳናቸው፤ ውኃ ሲፈልጉ «ውኃ» ማለት አይችሉም። «አቡነ ዘበሰማያት» ሲጀመርላቸው ግን ሳይደናቀፉ እስከ መጨረሻው ይዘልቁታል። ልጃቸው «ይናገራሉ እኮ፤ ከእኛ ጋር መነጋገር ስላልፈለጉ ነው» ብሎ ቅር ተሰኝቷል። ተማሪውም ግራ ገብቶት ነበር። ለዓመታት በቃል የተያዘ ጸሎት፣ ቁጥር መቁጠር፣ ሰላምታና እርግማን እንኳ ብዙ ጊዜ ከጉዳቱ እንደሚተርፉ፣ አዲስ ቃል ፈልጎ ማውጣት ግን ሌላ ሥራ መሆኑን መምህሩ ያስረዳው እዚያው አልጋው ሥር ነው። ለልጁም የነገረው ያው ተማሪ ነው፤ መምህሩ ሆን ብሎ ወደ ኋላ አለለት።

የስም አወጣጥ ችሎታን ለመመርመር በዓለም ከሚታወቁት አንዱ የቦስተን የስም መጥሪያ ፈተና ነው፤ 60 ሥዕሎች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ ከበረዶ የሚሠራ ቤት፣ ቢቨር የሚባል የውኃ እንስሳና ፕሬትዝል የሚባል የተጠማዘዘ ብስኩት ይገኙበታል። የጭልጋ ገበሬ ቢቨርን መጥራት ባይችል ሕመምተኛ አያሰኘውም። መምህሩ ተማሪዎቹን ሞፈርና ቀንበር፣ ሙቀጫ፣ ወንፊት፣ ጋን እያሉ የራሳቸውን ሥዕሎች እንዲያዘጋጁ ሲያደርግ፣ ጤነኛ የሆኑ ሰዎች የትኛውን በቀላሉ እንደሚጠሩ አስቀድመው እንዲፈትኑ ማስገደድ አለበት፤ ያለዚያ አንዱን የዘፈቀደ ዝርዝር በሌላ መተካት ብቻ ይሆናል። ከሥዕሉ ይበልጥ የሚከብደው አቀራረቡ ነው። የሰባ ዓመት አባወራን፣ በአገሩ ሸንጎ ሰው የሚያስታርቅን ሽማግሌ፣ ሃያ ዓመት የማይሞላው ተማሪ «ይኼ ምንድን ነው? ይኼስ?» እያለ እንደ ፊደል ቆጣሪ ሲጠይቀው ቢቆጣ ወይም ዝም ቢል ዝምታው ከሕመሙ አይደለም። ተማሪው «አባ፣ አንቱ ያርፉ፤ የሚያውቁትን እንደሚያውቁ አውቃለሁ፣ ቃሉ የት ላይ እንደያዘዎት ነው የማየው» ብሎ መጀመርን የሚማረው መምህሩ ሲያደርገው አይቶ እንጂ ከቼክሊስት አይደለም።

እንዲህ ያለውን መምህር የማፍራት ጉዳይ ወደ ቁጥር ሲመጣ ነው የሚያሳዝነው። በአሜሪካ አንድ የዘርፉ ተማሪ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ለማግኘት 400 ሰዓት የክሊኒክ ልምምድ ይጠየቃል፤ ከዚህ ውስጥ 25ቱ ሲሠራ ማየት ሲሆን 375ቱ ራሱ ከሕመምተኛ ጋር የሚሠራው ነው። ተማሪው ከሕመምተኛ ጋር ከሚያሳልፈው ጊዜ ቢያንስ ሩቡን ተቆጣጣሪው መምህር በቀጥታ መከታተል አለበት። ጂን አንደርሰን የተባለች አሜሪካዊት ምሁር በ1988 እ.ኤ.አ. ባቀረበችው አስተሳሰብ መሠረት ደግሞ ይህ ክትትል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በመጀመሪያ መምህሩ ይመራል፣ ይገመግማል፤ ቀስ በቀስ ከተማሪው ጋር እየተመካከረ ይሠራል፤ በመጨረሻ ተማሪው ራሱን መገምገም ሲችል መምህሩ ይርቃል። መቼ መራቅ እንዳለበት ማወቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ከካህኑ ልጅ ፊት ወደ ኋላ ያለው መምህር ያደረገው ይህንኑ ነበር።

አሁን ይህን ሁሉ ወደ እኛ የሎድ፣ ማለትም የመምህር የሥራ ሰዓት፣ አቆጣጠር አምጡት። በማውቀው አንድ ተቋም ውስጥ ለመቶ ተማሪ በአዳራሽ ሌክቸር የሚሰጥ መምህር ሰዓቱ ሙሉ በሙሉ ይቆጠርለታል፤ አራት ተማሪ ይዞ ግማሽ ቀን ዋርድ ውስጥ የሚቆም መምህር ግን የሚታሰብለት በጣም በትንሹ ነው። የደረጃ ዕድገት ሲጠይቅም የሚቆጠረው የታተመው ጥናት ነው። እንግዲህ ሰው ሰው ነው፤ ጎበዙ መምህር ቀስ በቀስ ወደ ሌክቸሩና ወደ ጽሑፉ ያዘነብላል፣ አታችመንት (የሆስፒታል ልምምድ) ላይ ያሉት ተማሪዎች በዕለቱ ተረኛ ለሆነው ሐኪም ወይም ነርስ ይተዋሉ። እነዚያ ባለሙያዎች ደጎች ናቸው፤ ነገር ግን የጉሮሮውን ቋጠሮ ከጠ የመለየት ኃላፊነት የእነርሱ አይደለም። አንዳንድ ኃላፊዎች «ተማሪው ብዙ ነው፣ መምህሩ ጥቂት ነው» ይላሉ፤ እውነት ነው። መፍትሔው ግን ተማሪ መቀነስ እንጂ ክትትሉን መቀነስ አይደለም፤ በዚህ ሙያ ስምንት በሚገባ የሠለጠኑ ሰዎች ከስልሳ ያልሠለጠኑ ይሻላሉ ባይ ነኝ።

ጎንደር ለዚህ ዓይነት ሥልጠና የራሷ ውርስ አላት። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን አደራጅቶ እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር ይልክ ነበር፤ የቡድን ሥልጠናው እስከ ዛሬ የጎንደር መታወቂያ ነው። የንግግር ሕክምና ተማሪም በዚያ ቡድን ውስጥ ቦታ ሊኖረው ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ላንቃው የተሰነጠቀው ሕፃን ጡት መሳብ ሲያቅተው መጀመሪያ የምታየው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናትና። የሚንተባተበው ልጅ ወላጆችም ሆስፒታል ከመምጣታቸው በፊት ጠበል ወስደውታል፤ ተማሪው ያንን ሳይንቅ፣ ሳያቋርጥም ሕክምናውን ጎን ለጎን ማስኬድን መማር ይኖርበታል። ከዋግ ኽምራ ኽምጣኛ ብቻ እየተናገረ የሚመጣ ሕመምተኛ ሲያጋጥም ደግሞ በአስተርጓሚ መሥራት ራሱ አንድ ትምህርት ነው፤ አስተርጓሚው ቅን ሆኖ የሕመምተኛውን የተሳሳተ ንግግር አስተካክሎ ከተረጎመው ምርመራው ከንቱ ይሆናል።

በአሁኑ ጊዜ ከባልደረቦቼ ጋር የምንጣጣረው ለድምፅ ቅጂ ነው። ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ፣ ችግር የሌለባቸው የከተማውና የዙሪያው ወረዳ ሕፃናት ንግግር በወላጆቻቸው ፈቃድ ተቀድቶ ከነዕድሜያቸው ቢቀመጥ፣ ረን በለ ወይም በየ የሚተካ ልጅ ገና በጊዜው ላይ ይሁን የዘገየ መምህሩ በማስረጃ ማስተማር ይችላል። የፈቃድ ቅጹን በቀላል አማርኛ ጽፈናል፤ ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ጮክ ተብሎ የሚነበብ ነው፤ ለመዋዕለ ሕፃናት መምህራን የሚሰጠውም መግለጫ ተዘጋጅቷል። የጎደለን ጸጥ ያለ ክፍልና የሁለት ሰው የሥራ ጊዜ ነው። በትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ላይ ይህ ጊዜ በሎድ እንዲቆጠር ጠይቀናል፤ መልሱን እየጠበቅን ቀረጻውን ቅዳሜ ቅዳሜ ጀምረናል።